«ናጂ» ወይስ «ናጊ»? ከየመን የመጡ አያትን ስለ መፈለግ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የእናቴ አባት ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው። በ1968 ‹ዘመድ ጠይቄ እመለሳለሁ› ብለው ሄዱ። ሁለት ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። በእጄ የቀረው የ1949 የንግድ ፈቃድ፣ ከጀርባው 1355 የሚል ቁጥር ያለው ፎቶግራፍና አንድ ባዶ ፖስታ ነው፤ ሦስቱንም ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። ፈቃዱ ላይ ሳልህ ናጂ ይላል። ሴት አያቴ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ‹ናጊ› ነበር የሚሏቸው። ትክክለኛው የቱ ነው? አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ለማግኘትስ ከየት ልጀምር?»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። እንዲያውም ከላኩልኝ ማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው ፈቃዱም ፎቶግራፉም አይደለም፤ ሴት አያትዎ ባላቸውን የጠሩበት አፍ ነው።

በአረብኛ ሲጻፍ ስሙ አንድ ነው። መካከሉ ላይ «ጂም» የምትባል ፊደል አለች። ይህችን ፊደል ግን የመን ውስጥ ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ አያነባትም። የሰነዓ ሰው «ጅ» ይላታል። ታኢዝ፣ ከታኢዝ በስተደቡብ ያለው ተራራማው የሑጀሪያ አገርና ኤደን «ግ» ይሏታል። የሐድረማውት ሸለቆ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ «ይ» ያለሰልሳታል። ፈቃዱን የሞላው ጸሐፊ «ናጂ» የሚለውን ስም ከሌሎች ደንበኞች ያውቀው ይሆናል፤ በለመደው መንገድ ጻፈው። ሴት አያትዎ ግን ባላቸው ራሳቸውን ሲጠሩ የሰሙትን ነው ዕድሜ ልካቸውን የደገሙት። ስለዚህ አያትዎን ከሰነዓ አካባቢ መፈለግ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ዓይንዎን ወደ ደቡብ ምዕራቡ ይጣሉ።

በአንድ ፊደል ብቻ አልፈርድም። በሕይወት ያሉ የእናትዎን ታላላቆች አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ አያትዎ በአረብኛ ቡና ሲጠሩ «ቀህዋ» ነበር የሚሉት ወይስ «ገህዋ»? በሰነዓና በሐድረማውት ሸለቆ «ቀ» ወደ «ገ» ትሄዳለች፤ በታኢዝና በሑጀሪያ «ቀ» እንደሆነች ትቀራለች። ግመልንስ «ጀመል» ነበር የሚሉት ወይስ እንደ እኛው በ«ገ»? «ቀህዋ» እና «ገመል» ከአንድ አፍ ከወጡ ሰውየው የታኢዝ ወገን ለመሆናቸው ሁለት ምስክር ቆመ ማለት ነው። አረብኛ የማይችሉ ልጆች እንኳ አባታቸው የቡና ጀበና ሲያስቀርቡ ያሉትን ቃል አይረሱም። በዚህ ጥያቄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቤት ጥቂት ነው። በምግብ ግን አይመሩ። ዙርቢያን የሚባለው የሩዝና የሥጋ ምግብ የሚሠራበት ቤት ሁሉ የኤደን ሰው ቤት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ሁሉም የሁሉንም ተምሯል።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ዜግነት በሚለው ቦታ «ዐረብ» ተብሎ ተሞልቷል፤ የትውልድ ቦታ በሚለው ደግሞ «ኤደን» ይላል። የመጀመሪያው ምንም አይነግረንም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የሚነግረን መስሎ ያሳስታል።

በ1949 የመን የሚባል አንድ አገር አልነበረም። ሰሜኑ ኢማም በሚባል ንጉሥ የሚገዛ መንግሥት ነበር። ኤደንን እንግሊዞች ከያዟት መቶ ዓመት አልፏል፤ የያዟት እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ እስከ 1937 ድረስም በሕንድ በኩል ያስተዳድሯት ነበር። ታኢዝና ሑጀሪያ በኢማሙ ግዛት ውስጥ ቢሆኑም የሑጀሪያ ሰው ወደ ዓለም የሚወጣበት በር ኤደን ነበረች። ወጣቱ ከተራራው ወርዶ ኤደን ወደብ ላይ ተሸካሚ ወይም የሱቅ ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ በጀልባ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ይገባል። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ነው። እንዲህ ላለ ሰው «የኤደን ተወላጅ ነኝ» ማለት ከባዶ ኩራት የራቀ ጥቅም ነበረው። ኤደን የተወለደ ሰው የእንግሊዝ ተገዢ ነው፤ ሲታሰር ቆንስላው ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር ከተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ወዲህ ደግሞ የውጭ ዜጋ በፍርድ ነገር ልዩ መብት ነበረው። የኢማሙ ተገዢ ግን በአዲስ አበባ የሚጮህለት አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ «ኤደን» የሚል ሳይ «በኤደን በኩል ያለፈ» ብዬ አነበዋለሁ። አያትዎን ዋሹ ማለቴ አይደለም። ከመንደራቸው የወጡት በልጅነታቸው ከሆነ፣ ኤደን ያሳደገቻቸው ከተማ ልትሆን ትችላለች።

ሥራዬ ብዬ ሰው ስፈልግ ታዲያ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየት መጣ» አይደለም። «በማን ወረቀት ተጓዘ» ነው። መዝገብ የሚቀመጠው ሰውየው በተወለደበት ሳይሆን ወረቀቱን በሰጠው መንግሥት ቤት ነውና። በእንግሊዝ ወረቀት የተጓዘ ከሆነ የኤደን አስተዳደር መዛግብት ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ «አር/20» በሚል መለያ ተቀምጠዋል። በጂቡቲ በኩል በፈረንሳዮች እጅ ያለፈ ከሆነ የቅኝ ግዛቱ መዛግብት ኤክስ አን ፕሮቫንስ፣ የሌጋሲዮኑ፣ ማለትም አዲስ አበባ የነበረው የፈረንሳይ መልእክተኛ መሥሪያ ቤት፣ ደግሞ ናንት ከተማ ናቸው። በጣልያን ዘመን የተመዘገበ ነገር ካለ ሮም ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የታሪክ ቤተ መዛግብት የጣልያን አፍሪካ ሚኒስቴር ወረቀቶች አሉ።

ይህን ስጽፍ ጉዞ ሊያስቡ እንደሚችሉ ይገባኛል። ይቆዩ። ትንሽ ሱቅ የነበረው፣ ግብሩን የከፈለ፣ ከማንም ያልተጣላ ሰው በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ነጋዴ በባዕድ መዝገብ ላይ ስሙ የሚወጣው ሲከሰስ፣ ሲከስር ወይም ያለ ወራሽ ሲሞት ነው። ለአያትዎ ክብር ሲባል እዚያ ባይገኙ ይሻላል። የምንፈልገው ወረቀት እዚሁ ነው ያለው፤ ብዙውም በእሳቸው ስም ሳይሆን በሴት አያትዎ ስም ነው።

ምክንያቱ ሕግ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሏል። ቤት መሥራት የፈለገ የየመን ነጋዴ ታዲያ ምን ያድርግ? ቤቱን በኢትዮጵያዊት ሚስቱ ወይም በአማቱ ስም ያስመዘግባል። ከዚያ ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። ባለቤቶች ቤታቸውን እንዲያስመዘግቡ ተደረገ፤ አያትዎም በተከታዩ ዓመት ሄዱ። ይህ መገጣጠም ድንገተኛ አይመስለኝም፤ በዚያን ጊዜ ሱቁና ቤቱ የተወሰደበት የየመን ነጋዴ ብዙ ነው፤ ከተማውን ጥሎ የወጣውም እንዲሁ። ስለዚህ የሴት አያትዎን ሙሉ ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ይዘው ቤታቸው በነበረበት ወረዳ የቤቱ ፋይል እንዲፈለግልዎ ይጠይቁ። የቤቱ ፋይል ውስጥ የገባ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ጉድ ይዞ ይገኛል። «ባለቤቴ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ሄዶ…» ብላ ሚስት የጻፈችው አንድ መስመር ለንደን ድረስ ከሚያስኬድ ጥናት የበለጠ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ወረቀት ኒካሑ ነው። የጋብቻ ውሉ ቤት ውስጥ ከሌለ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ የቃዲ ፍርድ ቤቶች ከነፃነት በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ በአዋጅ የቆሙ ናቸው፤ ፋይላቸውም ከሌላው ይልቅ በደንብ የተያዘ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዝምድናዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። ውሉ ላይ የሙሽራው ስም እስከ አያቱ፣ አንዳንዴም የአገሩ መጠሪያ ጭምር ይጻፋል፤ እንደ ሐድረሚ፣ ያፊዒ፣ ሑጀሪ ያለ ማለት ነው። ይህ ካልተጻፈም ተስፋ አይቁረጡ፤ ወደ ምስክሮቹ ስም ይውረዱ። በስደት ያለ ሰው ለኒካሑ የሚጠራው ምስክር ማን ይመስልዎታል? የመንደሩ ልጅ ነው። የአያትዎ ዱካ የጠፋ ቢሆን እንኳ የምስክሩ ልጆች ዛሬ አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ሰነዓ ውስጥ ሱቅ ይዘው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። እኔ ካገኘኋቸው ሰዎች ይበልጡን ያገኘኋቸው በምስክሮቻቸው በኩል ነው።

የልደት ምስክር ወረቀት አይፈልጉ፤ የለም። አገራችን ውስጥ ልደትና ሞት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። የሴት አያትዎን እድር መዝገብ ግን አይናቁ። ባልና ሚስት አብረው የተመዘገቡበት ዓመት፣ የባል ወንድም ሲሞት «የባህር ማዶ መርዶ» ተብሎ ድንኳን የተጣለበት ቀን፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው።

ስለ ፎቶግራፉ። 1355 በሂጅራ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከመጋቢት 1928 እስከ መጋቢት 1929 ይሆናል፤ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ጊዜ። አያትዎ በፎቶው ላይ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ሲሄዱ ስድሳን ደርሰዋል ማለት ነው። «ድምፃቸው ጠፋ» የሚለውን ሲያስቡ ይህን ይያዙ፤ ሽማግሌ ነበሩ። ፎቶው ኤደን ይነሣ አዲስ አበባ ገና አልታወቀም። በካርቶኑ ታችኛ ጠርዝ ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ተጭኖ የቀለም ሳይሆን የእጥፋት ምልክት ብቻ ትቶ ይሆናል፤ በጣትዎ ይዳስሱት። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር የነበሩት ፎቶ አንሺዎች አርመኖቹ ቦያጂያኖች ነበሩ፤ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች። ስደተኛ ስደተኛን ፎቶ አንሥቶ ይሆናል።

ዓመተ ምሕረት እንዳያታልልዎት ሳስጠነቅቅዎ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን «1936» የሚል የግብር ደረሰኝ ይዤ፣ የጣልያን ዘመን ነው ብዬ፣ በአንድ የባህር ማዶ ቤተ መዛግብት ሁለት ሳምንት ሙሉ የወረራ ዘመን ፋይል ሳገላብጥ ከረምኩ። ደረሰኙ ግን በእኛ አቆጣጠር 1936 ነበር፤ ጣልያን ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ። ፊቱ ላይ በአማርኛ ተጽፎ እያየሁት! የአንድ የየመን ነጋዴ ወረቀት ላይ ሦስት አቆጣጠር ሊገናኝ ይችላል፤ የእኛ፣ የፈረንጅና የሂጅራ። በጣልያን ዘመን ደግሞ አራተኛ ይጨመራል፤ ከዓመቱ ጎን በሮማ ቁጥር የሚጻፈው የፋሺስት ዓመት፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር ነው፤ አሥራ አምስተኛው በ1936 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይጀምራል። ማንኛውንም ዓመት ከመገልበጥዎ በፊት የተጻፈበትን ቋንቋ ከጎኑ ያስፍሩ።

ስሙም እንዲሁ ነው። «ናጂ»ን ጣልያን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፊደል ይጽፉታል፤ ፈረንሳዩ «ዲ» ያስቀድማል፣ ጣልያኑ በ«ጂ» ፊደል ላይ «አይ» ይለጥፋል፣ የሰማውን የጻፈ ጸሐፊ ደግሞ «ናጊ» ይላል። ሳልህ የመጨረሻዋን «ሕ» ይጥላል። ስለዚህ ስሙ በኮምፒውተር ሲፈለግ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም።

የዘረመል ምርመራን ጠይቀውኝ ባይሆንም በሌላ ደብዳቤ ሁሉ ይመጣልና ሁለት ቃል ልበል። አባት ለወንድ ልጁ ብቻ የሚያወርደው የዘር መስመር ለእርስዎ አልደረሰም፤ ለእናትዎ ወንድም ግን ደርሷል፤ ምርመራ ካደረጉ እሳቸው ያድርጉ። ከዚያም ቢሆን ውጤቱ የሚገናኘው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከገባ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ የሑጀሪያ ገበሬ ደግሞ ምራቁን በፖስታ አይልክም። ገንዘብዎን ለትርጉምና ለመጓጓዣ ያቆዩት።

ዘመዶቻቸውን ሲያገኙ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ያስቡበት፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። አያትዎ ከዚያ ማዶ ሚስትና ልጆች ኖሯቸው ሊሆን ይችላል፤ ከእናትዎ የሚበልጡም፣ የሚያንሱም። ይህ የተለመደ ነገር ነበር፤ ሁለቱም ቤት ያውቅ ነበር፣ አይነጋገሩበትም እንጂ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ያልተጠበቀ ስልክ ደግሞ የመጀመሪያ ትርጉሙ «የመሬት ድርሻ ልትጠይቅ መጣች» ነው። ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ ወዲያው፣ ሳይጠየቁ፣ ውርስ ፈልገው እንዳልመጡ ይናገሩ። «ሙወለድ» የሚል ቃል ይሰማሉ፤ ከባዕድ እናት የተወለደ ማለት ነው። አንዳንዱ እንደ ስድብ፣ አንዳንዱ እንደ ተራ ስም ነው የሚጠቀምበት፤ ድምፁን ሰምተው ይለዩ። የቤተ ሰቡን ሸጀራ፣ ማለትም የዘር ሐረግ ወረቀት፣ ሲያሳዩዎት እናትዎን ሳያገኙ ቢቀሩ አይክፋዎ፤ ብዙ ሸጀራ ወንድ ብቻ ነው የሚጽፈው። አጎትዎን ይፈልጉ። ከሳልህ ሥር አንድ «ሐበሺያ» እናት ያለው ወንድ ልጅ ተጽፎ ከሆነ መንገዱ ተከፈተ።

እዚያ ያለውን ሁኔታ ያውቁታል። ከ2007 ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት መሥሪያ ቤት በር አንኳኩቶ መዝገብ ማስፈለግ ከባድ ነው። ሰው ግን በስልክ ይገኛል፤ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው፣ እናቶቻቸው ኢትዮጵያውያን የነበሩ ቤተ ሰቦችም ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የየመን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አለ፤ የቀድሞ ተማሪዎቹን ታላላቅ ወላጆች ያነጋግሩ። «ናጊ» ብለው ይጠይቁ እንጂ «ናጂ» አይበሉ። መርካቶ ያሉ ሽማግሌዎች ሰውን የሚያስታውሱት በጎረቤት ሱቁና በሚሸጠው ዕቃ ነውና ምን ይሸጡ እንደነበርም ይጨምሩ፤ በደብዳቤዎ አልነገሩኝም።

የቀረው ፖስታው ነው፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝም እሱ ነው። የተላከበት ማኅተም ደብዝዟል፤ «ታኢዝ» የሚለው ግን ከፊሉ ይነበባል። ከጀርባው የላኪው አድራሻ ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ቢዋሲጠት» ብሎ ይጀምራል፣ «በእገሌ በኩል» ማለት ነው፤ የአንድ ነጋዴ ስም ይከተላል። ያ ዘመን ለመንደር ሰው ደብዳቤ የሚመጣው በከተማ ባለ ሱቅ በኩል ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ «ዑዝላ» የሚል ቃል አለ። ዑዝላ ከወረዳ በታች ያለ የየመን አስተዳደር ክፍል ነው፤ ጥቂት መንደሮችን ይይዛል። ዑዝላው ከታወቀ ከሚሊዮኖች ወደ ጥቂት መቶ ቤቶች ወረድን ማለት ነው። የዑዝላው ስም አራት ፊደል ነው፤ ሦስቱን አንብቤያለሁ። የመጀመሪያዋ ፊደል ግን ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው፤ አረብኛ ላይ ጥርሱ አንድ ሆኖ ከሥር አንድ ነጥብ ካለ «ብ»፣ ሁለት ካለ «ይ»፣ ከላይ አንድ ካለ «ን»፣ ሁለት ካለ «ት» ነው። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ነጥቡ ያለበት ቦታ የፖስታው እጥፋት ላይ ወድቋል።

እባክዎ ፖስታውን አይጫኑት፣ አያርጥቡት፣ በካውያም እጥፋቱን ለማቅናት አይሞክሩ። ማታ ክፍሉን አጨልመው፣ አንድ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ወረቀቱን ሊነካ በተቃረበ ዝቅታ ያብሩና በስልክዎ ከአራቱም አቅጣጫ ያንሡልኝ። ብዕሩ የነካው ቦታ ቀለሙ ቢጠፋም ጉድጓዱ ጥላ ይጥላል። ነጥቧ ከላይ ትሁን ከታች ካየሁ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።